ባንኮክ ለሁለት ስትገቡ፦ የመጀመሪያውን ቀን ሳትኳረፉ እንዴት ማለፍ ይቻላል

አዲስ አበባ ከባህር ጠለል 2,400 ሜትር ግድም ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ባንኮክ ደግሞ ከባህሩ ጋር እኩል ናት ቢባል ይቀላል። እኔና ባለቤቴ በሐምሌ ብርድ ሹራብ ደርበን ተነሳን። በማግስቱ የኤርፖርቱ በር ሲከፈት መነጽሬ በእንፋሎት ጥፍት አለ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተኳርፈን ነበር። ጥፋተኛው ሙቀቱና ረሃቡ መሆኑ የገባን ማታ ነው። እናንተ እንዲህ አድርጉ።

1. ከቤት ሳትወጡ

የቢጫ ወባ ካርዳችሁን ከፓስፖርቱ ጋር ያዙ። ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ሰው ግዴታ ነው። ከግንቦት 2025 ጀምሮ ደግሞ በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ካርድ አለ። ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ ትሞሉታላችሁ። በነፃ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ ዝጉት። ዶላሩ አዲስና ያልተጨማደደ ይሁን፣ ባለ 100 ቢሆን ይመረጣል።

በእጅ ሻንጣ ውስጥ ለየራሳችሁ ስስ ቲሸርትና ነጠላ ጫማ አኑሩ። ሁለት ፓኬት ለምለምም ጨምሩበት።

2. ኤርፖርት ውስጥ

ሱቫርናቡሚ ስትደርሱ ቀጥታ ኢሚግሬሽን አትሰለፉ። መጀመሪያ የጤና ቁጥጥር ወደሚለው ዴስክ ሂዱና የቢጫ ወባውን ካርድ አሳዩ። እዚያ ሳታልፉ ብትሰለፉ፣ ተራችሁ ሲደርስ ይመልሷችኋል። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብታችሁ ልብስ ቀይሩ። እኛ «ሆቴል ስንደርስ» ብለን ነው የተቀቀልነው።

ዶላር የሚመነዝሩት መውጫው አካባቢ ብዙ ናቸው። ሻል ያለው ምንዛሪ ግን ምድር ቤት፣ ባቡሩ ጋ ነው።

3. ወደ ከተማ

ከተማው መሀል 30 ኪሎ ሜትር ግድም ይርቃል። ባቡሩ እስከ ፓያ ታይ ጣቢያ ለአንድ ሰው 45 ባት ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሻንጣችሁ ቀላል ከሆነ፣ በተለይ በሥራ መውጫ ሰዓት፣ ያለ ጥርጥር ባቡር። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ እየጎተታችሁ ደረጃ መውጣት ግን የጠብ መጀመሪያ ነው። ያኔ ታክሲ ያዙ። አንደኛ ፎቅ ከማሽኑ ቁጥር ትወስዳላችሁ፣ ቁጥሩ መኪናችሁን ይነግራችኋል። ቆጣሪው ላይ የኤርፖርት 50 ባት ይጨመራል፤ የፈጣን መንገዱም ክፍያ የእናንተ ነው። የእኛ ሾፌር ቆጣሪውን በፎጣ ሸፍኖ «700» አለን። ባለቤቴ ሊከራከር ተዘጋጀ። እኔ በሩን ከፈትኩ። ፎጣው ወዲያው ተነሳ።

4. ሆቴል

ክፍሉ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ላይደርስ ይችላል። ሻንጣውን አስቀምጡና ጥላ ያለበት ተቀመጡ። ስትገቡ ሻወር ውሰዱ፣ ለምለሙን በታሸገ ውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ። የቧንቧውን ውሃ አትጠጡ። ኤሲውን 16 ላይ አታድርጉት፤ 25 ይበቃል። ከበረዶ ወደ እሳት መመላለስ ያደክማል።

5. ምግብ

በርበሬ ለምደናል ብላችሁ አትፎክሩ። ባለቤቴ ፎክሮ ሶም ታም አዘዘ፣ ጥሬ ፓፓያ ተወቅጦ የሚሠራ ሰላጣ ነው። ሻጯ «ፔት?» ስትለው ራሱን በኩራት ነቀነቀ። ያቃጥል ወይ ማለቷ ነበር። በሦስተኛው ጉርሻ ጆሮው ቀላ፤ እንባውን በናፕኪን እየጠረገ «ደህና ነው» ይላል። የሚያድናችሁ ቃል «ማይ ፔት» ነው፤ አያቃጥል ማለት።

ጾም ላይ ከሆናችሁ፣ አትክልት ብቻ ያለበት የሚመስለው ጥብስ እንኳ የዓሳ ሶስ አይጠፋበትም። ቢጫ መደብ ላይ በታይ ፊደል በቀይ የተጻፈ «ጄ» (เจ) የሚል ምልክት ፈልጉ። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የሌለበት ምግብ ነው፤ ለጾመኛ የተሠራ ነው የሚመስለው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። እንጀራ ካማራችሁ ሱኩምቪት መንገድ፣ ናና አካባቢ አይጠፋም። ለዛሬ ግን ቅርብ ያለውን ብሉ።

6. ከመሸ

ቤተ መንግሥቱም ቤተ መቅደሶቹም ነገ ይደርሳሉ። ለእነሱ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያስፈልጋል፣ ከጠዋቱ ብርድ ብርድ ከሚለው ሰዓት መጀመርም ይሻላል፤ ብርድ ስል እንደ ባንኮክ ማለቴ ነው። ዛሬ 11 ሰዓት ግድም በሰማይ ባቡሩ፣ ማለትም ከመንገዱ በላይ በሚሄደው የከተማ ባቡር፣ «ሳፋን ታክሲን» እስከሚባለው ጣቢያ ድረስ ሂዱ። ከሥሩ የቻኦ ፕራያ ወንዝ ጀልባዎች አሉ። ብርቱካናማ ባንዲራ ያለው የሕዝብ ጀልባ ነው፣ ዋጋውም እንደ ቱሪስቱ ጀልባ አይደለም። ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ቀኑን ሙሉ የጠፋው ነፋስ እዚያ ነው ያለው። እኛም የታረቅነው እዚያ ነው፤ ባለቤቴ ምንም ሳይል የኮኮናት ውሃውን ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

ስትመለሱ ሁለት ትልልቅ ውሃ ይዛችሁ ግቡ። ቶሎ እንቅልፍ ባይመጣ አትጨነቁ። ባንኮክ እኩለ ሌሊት ሲሆን አዲስ አበባ ገና ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። እናቶቻችሁ እራት ላይ ናቸው፤ ደውሉላቸው።