አበበ ፋይሉ ውስጥ አለ፣ ፕሮግራሙ ግን «የለም» ይላል

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የብሎካችን ዕድር የአባላቱን ዝርዝር ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ሲያዛውር «አንተ የኮምፒውተር ልጅ አይደለህ እንዴ?» ተባልኩና ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ስም ይጠይቃል፣ ዝርዝሩ ውስጥ ይፈልጋል፣ ካገኘ የቀረውን መዋጮ ይናገራል። የእኔ ላፕቶፕ የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ነው። በራሴ የሙከራ ፋይል ሰላም ነበር።

የዕድሩ ጸሐፊ በዊንዶውስ የተየቡትን ዝርዝር በፍላሽ ይዘው መጡ። የራሳቸውን ስም አስገቡ። «አልተገኘም።»

«ልጄ፣ ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የተጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ!»

«ቆይ ጋሼ፣ አንዴ ልየው» አልኩ። አንዴ ያልኩት ሁለት ማታ ፈጀ፣ አንዱን መብራት ጠፍቶ። የእሳቸውን ስም ልተወውና በአበበ ላስረዳ፣ በዚያ በሶ በበላው።

ምልክት፦ ስሙ በዓይን ይታያል፣ ሲነጻጸር ግን አይገጥምም

ዓይንህን አትመን፣ ርዝመቱን ለካ። አበበ 3 ፊደል ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ፊደልን ወደ ባይት (ኮምፒውተሩ ወደሚያስቀምጠው ቁጥር) መቀየሪያ ደንብ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ ስለዚህ ባይት የሚቆጥረው ስትርሌን 9 ማለት አለበት። የእኔ 10 አለ። ኒውላይኑን (የመስመር መጨረሻ ምልክቱን) ቆርጬዋለሁ እኮ! አሥረኛውን ባይት በቁጥር ሳሳትመው 13 ወጣ።

ምክንያት

ፍርድ ቤት ደጃፍ በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ የሚጽፉትን ያየ ሰው ይገባዋል። መስመር ሲያልቅ ሁለት ነገር ይሆናል፦ መኪናው ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመለሳል፣ ወረቀቱም አንድ መስመር ከፍ ይላል። ቴሌታይፕ (በሽቦ የመጣ መልእክት የሚጽፈው መኪና) ለሁለቱ ሁለት ምልክት ነበረው። መመለሱ 13፣ ከፍ ማለቱ 10፣ ያ ኒውላይን የምንለው። ዊንዶውስ ከእሱ በፊት ከነበረው ከዶስ በወረሰው ልማድ ሁለቱንም ይጽፋል። ሊኑክስ 10 ብቻ ይበቃኛል ይላል። የድሮው ማክ እስከ ሥሪት 9 ድረስ 13 ብቻ ይጽፍ ነበር። እንዲህ ያለ ፋይል ካጋጠመህ ፕሮግራምህ ሙሉውን እንደ አንድ መስመር ያነበዋል።

ሲ ራሱ የሚያውቀው የመስመር መጨረሻ አንድ ብቻ ነው፣ ኒውላይን። ፋይሉን በ«አር» (ለንባብ) ስትከፍት ቴክስት ሞድ ነው፣ ማለትም እንደ ጽሑፍ ይከፈታል። ዊንዶውስ ላይ የሲ ላይብረሪ 13ና 10ን ሲያገኝ አንተ ሳታይ 10 ብቻ አድርጎ ይሰጥሃል፣ ስትጽፍ ደግሞ መልሶ ሁለት ያደርገዋል። ሊኑክስ ላይ ግን ማንም ምንም አይነካም። ባይቱ እንዳለ ይመጣል።

እኔን ያሳሳተኝ ይሄ ነው። 13ቱ መነካት አለመነካቱን የሚወስነው ፋይሉ የተጻፈበት ማሽን ሳይሆን ፕሮግራሙ የሚሮጥበት ነው። ያው ኮድ ጋሼ ኮምፒውተር ላይ ቢሮጥ 13ቱን አላየውም ነበር።

መፍትሄ

መስመሩን በኤፍጌትስ (ከፋይል መስመር በሚያነበው የሲ ፈንክሽን) ካነበብክ በኋላ ስትርሲስፓን የሚባለውን ፈንክሽን ጥራ። 13 ወይም 10 መጀመሪያ የሚገኝበትን ቦታ ይሰጥሃል። እዚያ ቦታ ላይ የጽሑፍ ማብቂያ የሆነውን ዜሮ አስቀምጥ። አለቀ። ሁለቱም ከሌሉ የስትሪንጉን (የጽሑፉን) ርዝመት ስለሚመልስ ዜሮው ዜሮ ላይ ያርፋል፣ ጉዳት የለውም።

ብዙዎቻችን የለመድነው ዜሮውን «ርዝመት ሲቀነስ አንድ» ቦታ ላይ ማስቀመጥ ነው። እኔም ያን ነበር የጻፍኩት። የፋይሉ የመጨረሻ መስመር ኒውላይን ከሌለው የሚቆረጠው የስሙ ጫፍ ነው፣ በአማርኛ ደግሞ የፊደል ሲሶ። መስመሩ ባዶ ስትሪንግ ከሆነማ ከድርድሩ (መስመሩ ከተቀመጠበት ቦታ) ውጭ ትጽፋለህ።

13ቱን በሚያወጣው ዶስቱዩኒክስ በሚባለው ፕሮግራም ፋይሉን ማጽዳትም ይቻላል። ግን በሚቀጥለው ወር ሌላ ፍላሽ ይመጣል። ኮዱን አስተካክል።

ምልክት፦ ሲታተም ስሙ ይበላል

ወልደገብርኤል የሚለውን ስም አንብቤ ቀጥሎ ዕዳውን «፦ 100» ብዬ ሳሳትም ስክሪኑ ላይ የወጣው ይህ ነው፦

፦ 100ርኤል

ጠፍቶ አይደለም። 13 ከርሰሩን ወደ መስመሩ መጀመሪያ መለሰው፣ ዕዳው የስሙ አምስት ፊደል ላይ ተጻፈበት። ምክንያቱና መፍትሄው ያው ነው። እንዲህ የተደራረበ ነገር ካየህ ሌላ ቦታ አትልፋ። ማረጋገጥ ከፈለግህ ተርሚናል ላይ «ኦዲ» የሚባለውን ትዕዛዝ በ«ሲ» ምርጫ አስሮጠው፣ 13ቱ ባክስላሽ አር ሆኖ ይታይሃል።

ምልክት፦ ረጅም ስም ለሁለት ይከፈላል

በፈርህ (የተነበበው መስመር የሚያርፍበት ቦታ) 64 ባይት ከሆነ ኤፍጌትስ የሚያነበው 63 ነው፣ አንዱ ለማብቂያው ዜሮ ነው። እስከ አያት የተጻፈ ስም ሁለት ክፍተት አለው። ቀሪው 61 ባይት 20 ፊደልና የ21ኛውን ሲሶ ብቻ ይይዛል። ስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ካየህ ይሄ ነው። በፈሩን አስፋ፣ 512 አድርገው፣ ማን ይከለክልሃል? ካነበብከው ውስጥ 10 ከሌለና ፋይሉ ካላለቀ ግን መስመሩ ገና እንዳላለቀ ቁጠረው። አንዳንዴ በፈሩ ልክ 13 ላይ ይሞላና 10 ብቻውን ለሚቀጥለው ንባብ ይተርፋል። ከየት መጣ የማይባል ባዶ መስመር ከዚያ ነው።

ምልክት፦ ዊንዶውስ ላይ ፎቶ ሲነበብ መሃል ላይ ይቆማል

በቴክስት ሞድ ከፍተኸዋል። እዚያ ባይት 26 የፋይል መጨረሻ ተደርጎ ይወሰዳል። በ«አርቢ»፣ ባይቱ ሳይነካ በሚነበብበት ሞድ፣ ክፈት።

ምልክት፦ ሁሉም ተገኘ፣ የመጀመሪያው ስም ብቻ የለም

13ቱን ካጸዳሁ በኋላ አበበም ወልደገብርኤልም ተገኙ። ጋሼ አሁንም የሉም። «እኔን ብቻ ነው እንግዲህ የሚጠላው» አሉ። ይሄኛው ጥፋት የመስመር መጨረሻ ሳይሆን የመስመር መጀመሪያ ነው። የድሮው ኖትፓድ በዩቲኤፍ-8 ሲያስቀምጥ ፋይሉ አናት ላይ ሦስት የማይታዩ ባይቶች ይለጥፋል፦ 239፣ 187፣ 191። የሚጣበቁት የመጀመሪያው መስመር ላይ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን መስመር ስታነብ እነዚህ ካሉ ሦስቱን ዝለል።

ዘለልኳቸው። ጋሼ ስማቸውን እንደገና አስገቡ። ተገኘ፣ ከሁለት ወር ቀሪ መዋጮ ጋር።

«ቅድም የነበረው ይሻል ነበር» አሉ።