ብርቅ የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ከየት ተነሣ? መርጋትሮይድን ይዞ ደረጃ በደረጃ መፈለጊያ

እኛ ዘንድ ስም ከትውልድ ትውልድ ይለወጣል። ሰለሞን አለሙ ከበደ የሚባል ሰው ልጅ ሲወልድ «ከበደ» ከልጁ መታወቂያ ላይ ይወርዳል። እንግሊዞች ዘንድ ግን ከ12ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ስሙ እንደነበረ ረጋ፤ ከዚያ ወዲህ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳል። (ለንደን ወይም ዋሽንግተን የተወለደ ልጅ የአያቱን ስም «የቤተሰብ ስም» አድርጎ ሲይዝ እኛም ዘንድ ያው ነገር በዓይናችን ሥር እየሆነ ነው።) ስሚዝና ጆንስ በየቦታው ስለተነሡ መነሻ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ብርቅ ስም ግን ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ አጥቢያ፣ አንዳንዴም ወደ አንድ ጓሮ ይመራል።

ብዙ ሰው ፍለጋውን ከትርጉሙ ይጀምራል፣ የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ካርታ፣ ቀጥሎ አጥቢያ፣ ከዚያ ጥንታዊው አጻጻፍ፣ በመጨረሻ ትርጉም ነው። ምሳሌያችን የሰሜን እንግሊዝ ግዛት ከሆነው ከዮርክሸር የተነሣው መርጋትሮይድ ይሆናል። እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ አጻጻፎቹን ይሰብስቡ

ስሙ ዛሬ ኤም፣ ዩ፣ አር፣ ጂ፣ ኤ፣ ቲ፣ አር፣ ኦ፣ ዋይ፣ ዲ ተብሎ ይጻፋል። የድሮ ጸሐፊ ግን የሚጽፈው የሰማውን ነበር፤ አብዛኛው ባለስም ማንበብ ስለማይችል የሚያርመው ሰው አልነበረም። ስለዚህ መርጊትሮይድ፣ ማርጋትሮይድ፣ መርጌትሮድ እያለ ይለዋወጣል። በዚህ ላይ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር የገለበጡት ሰዎች የራሳቸውን ስህተት ጨምረውበታል፤ በእጅ ጽሑፍ «ዩ» እና «ኤ»፣ «ኤም» እና «ደብልዩ» በቀላሉ ይምታታሉ።

መድኃኒቱ ምልክት አስገብቶ መፈለግ ነው። ፋሚሊሰርች በተባለው የዘር ፍለጋ ድረ ገጽ ላይ የጥያቄ ምልክት አንድን ፊደል፣ ኮከብ ምልክት ደግሞ የፈለገውን ያህል ፊደል ይተካል። «ኤም፣ ?፣ አር፣ ጂ፣ *፣ ቲ፣ አር፣ *» ብለው ቢጽፉ ከላይ ያሉትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያወጣልዎታል። ያገኙትን እያንዳንዱን አጻጻፍ ከዓመቱና ከቦታው ጋር ኤክሴል ላይ ያስፍሩ፤ ደረጃ 7 ላይ ያስፈልግዎታል።

ደረጃ 2፦ የ1881ን ሕዝብ ቆጠራ ይክፈቱ

ብሪታንያ ውስጥ በስም ለመፈለግ የሚመቸው ቆጠራ ከ1841 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ተካሂዷል። የ1931ዱ (የእንግሊዝና የዌልስ) በ1942 በእሳት ወደመ፣ በ1941 በጦርነቱ ምክንያት አልተቆጠረም፣ የ1921ዱ በ2022 ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። ለስርጭት ካርታ የሚመረጠው ኤፕሪል 3 ቀን 1881 ሌሊት የተመዘገበው ነው። በጎ ፈቃደኞች ሙሉ በሙሉ ገልብጠውታል፣ ፋሚሊሰርች ላይ በነጻ ይገኛል፣ ሰውም ገና በመኪና ዘመን አልተበተነም።

የ1841ዱን ለዚህ ሥራ አይምረጡት። ከ15 ዓመት በላይ የሆነው ሰው ዕድሜ በአብዛኛው ወደታች ወዳለው የአምስት ብዜት ተጠጋግቷል፤ የ34 ዓመት ሰው 30 ተብሎ ይገኛል። የትውልድ ቦታውም «በዚህ ካውንቲ (ክፍለ ሀገር) ተወልዷል ወይስ አልተወለደም» ከሚለው ብዙም አያልፍም። የትውልድ አጥቢያ በስም የሚጻፈው ከ1851 ጀምሮ ነው።

የ1881ን ገጽ ሲከፍቱ በአንድ መስመር ላይ የሰውየው ስም፣ ከቤቱ አባወራ ጋር ያለው ዝምድና፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ በስተቀኝ በኩል ደግሞ የተወለደበት ቦታ ይገኛል። ዓይንዎን የትውልድ ቦታው ላይ ይትከሉ። ለንደን ውስጥ የተቆጠረ መርጋትሮይድ የዮርክሸር ከተማ የሆነችውን ሃሊፋክስን ጠቅሶ «ዮርክሸር፣ ሃሊፋክስ» ብሎ ካስመዘገበ፣ ለእርስዎ ሥራ ሰውየው የሃሊፋክስ እንጂ የለንደን አይደለም።

ደረጃ 3፦ ብዛቱን ሳይሆን ጥግግቱን ያስሉ

የሰው ብዛት ብቻ ያታልላል። ለንደን ትልቅ ስለሆነች ማንኛውም ስም እዚያ ጥቂት ሰው አያጣም። ስለዚህ በእያንዳንዱ አካባቢ ከአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ስንት ሰው ስሙን እንደያዘ ያውጡ፣ ያንን ደግሞ ለአገሩ አማካይ ያካፍሉት።

ለማሳያ ያህል አንድ ስም በመላው እንግሊዝና ዌልስ 500 ባለቤት አለው እንበል። በ1881 የአገሩ ሕዝብ 26 ሚሊዮን ገደማ ስለነበር አማካዩ በሚሊዮን 19.2 ነው። ከእነዚህ 350ው ዌስት ራይዲንግ በሚባለው የዮርክሸር ክፍል ቢገኙ፣ የአካባቢው ሕዝብ 2.2 ሚሊዮን ገደማ ስለሆነ በሚሊዮን 159 ይመጣል። 159 ለ19.2 ሲካፈል 8.3፤ ማለትም ስሙ እዚያ ከአማካዩ ስምንት እጥፍ በላይ ጠንክሯል። ለንደን ውስጥ 40 ሰው ቢገኝ ብዙ ይመስላል፤ ለ3.8 ሚሊዮን ነዋሪ ሲካፈል ግን በሚሊዮን 10.5፣ ከአማካዩ ጋር ሲነጻጸር 0.55 ብቻ ነው።

ከ1 በላይ የወጣውን አካባቢ ለይተው ወደታች ይውረዱ፤ ከካውንቲ ወደ ምዝገባ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ አጥቢያ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ዘጠኝ ልጅ ያለው አንድ ቤተሰብ ትንሽ መንደርን የስሙ መፍለቂያ ሊያስመስላት ስለሚችል ከሰዎቹ ጎን አባወራዎችን ብቻ ለይተው ይቁጠሩ። ሁለተኛ፣ ያገባች ሴት የባሏን ስም ስለምትይዝ የእሷ የትውልድ ቦታ የስሙን አገር አያሳይም።

ደረጃ 4፦ ካርታውን 60 ዓመት ወደኋላ ይግፉት

ይህ ዘዴ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት፣ ግን ከሁሉ የሚጠቅም ነው። ከ1881 ዝርዝር ውስጥ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑትን ወንዶችና ያላገቡ ሴቶች ብቻ ያስቀሩ። ከዚያ በሚኖሩበት ሳይሆን በተወለዱበት አጥቢያ ካርታ ላይ ያስቀምጧቸው። እነዚህ ሰዎች ከ1821 በፊት ወይም በዚያው ገደማ የተወለዱ ስለሆኑ፣ የባቡር ሐዲድ ገና ሳይዘረጋ የነበረውን ስርጭት ያሳዩዎታል። በኢንዱስትሪው ዘመን ወደ ማንችስተርና ወደ ሊድስ የፈሰሰው ሰው ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ ነጥቦቹም ይሰበሰባሉ። መርጋትሮይድን የሚያህል ስም ሲሆን የሚሰበሰቡት በሃሊፋክስ ዙሪያ ነው።

ነጥቦቹ በሁለት በተራራቁ ቦታዎች እኩል ከተሰበሰቡ ስሙ ሁለት መነሻ ሊኖረው ይችላል። ያን ጊዜ ሁለቱን ለየብቻ እንጂ አደባልቀው አይከታተሉ።

ደረጃ 5፦ ወደ አጥቢያው መዝገብ ይግቡ

መንግሥት ልደት፣ ጋብቻና ሞትን በእንግሊዝና ዌልስ መመዝገብ የጀመረው ጁላይ 1 ቀን 1837 ነው። ፍሪቢኤምዲ የተባለው ድረ ገጽ ማውጫውን በነጻ ያሳያል። ብርቅ ስም ስለያዙ እድለኛ ነዎት፤ በየሩብ ዓመቱ ያለውን ሁሉ መልቀም ይቻላል።

ከ1837 በፊት ያለው የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው። የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሹም የነበረው ቶማስ ክሮምዌል በ1538 እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግብ አዘዘ፤ ከ1598 ጀምሮ ደግሞ ግልባጩ በየዓመቱ ለጳጳሱ ይላክ ነበር። ዋናው መዝገብ በእርጥበት ከጠፋ ግልባጩን ይጠይቁ። ከ1642 እስከ 1660 ባለው የእርስ በርስ ጦርነትና ያለ ንጉሥ በቆዩበት ጊዜ መዝገቦች በየቦታው ይሳሳሉ። ያ ክፍተት የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ በኑዛዜዎች ይሻገሩት። ከጃንዋሪ 12 ቀን 1858 በፊት ኑዛዜ የሚጸድቀው በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ሲሆን፣ ለሃሊፋክስ ሰው የሚፈለገው ዮርክ ነው።

ሃሊፋክስ በእንግሊዝ ትልልቅ ከሚባሉት ጥንታዊ አጥቢያዎች አንዱ ስለነበረ ሰው ሁሉ ዋናው ቤተ ክርስቲያን አይጠመቅም። እንደ ሄፕተንስታልና ኤላንድ ባሉ ንዑስ ቤተ ክርስቲያኖች የተያዙ መዝገቦችንም ካልከፈቱ ግማሹ ዘር ያመልጥዎታል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚወድቅበት የዘመን አቆጣጠሩ ነው። እስከ 1752 ድረስ የእንግሊዝ አዲስ ዓመት በሕግ የሚጀምረው በብስራት ዕለት፣ ማርች 25 ነበር። ያም በጁሊያን አቆጣጠር ስለሆነ የእኛ የጽንሰት በዓል ከሚውልበት መጋቢት 29 ጋር አንድ ቀን ነው። ስለዚህ «ፌብሩዋሪ 1640» ተብሎ የተጻፈ ጥምቀት ዛሬ በምንቆጥረው 1641 ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ልጅ ከእናትና አባቱ ሠርግ በፊት የተወለደ ይመስለዋል። ቀኑን ሁለቱንም ዓመት አድርገው፣ 1640/41 ብለው ይያዙ።

ደረጃ 6፦ ከ1538 በፊት ያለውን ይቆፍሩ

ከዚህ ወዲያ የሚያገኙት ግብር የከፈለውን ወይም የተከሰሰውን ሰው ነው። ዌስት ራይዲንግ በዚህ ታድሏል፤ የ1379 የነፍስ ወከፍ ግብር መዝገብ በሰፊው ተርፎ ታትሟል። መርጋትሮይዶች የተነሡባት፣ ሃሊፋክስ አጠገብ ያለችው ዋርሊ ደግሞ በዌክፊልድ ጉልት ሥር ነበረች። የዚያ ጉልት የፍርድ ቤት ጥቅልሎች ከ1274 ጀምሮ አሉ፣ ብዙዎቹም ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉመው ታትመዋል። ዋናዎቹን ካነበቡ ግን ላቲን ናቸው፤ እንግሊዝኛ በሕግ የፍርድ ቤት ቋንቋ የሆነው በ1733 ነው።

እዚህ የሚመለከቱት አንዲት ትንሽ ቃል አለች፦ «ዴ»። «ጆን ዴ እንትን» ማለት የእንትን አገሩ ጆን ማለት ብቻ ነው፤ ቢሰደድ ስሙ ሊለወጥ ይችላል። «ዴ» ወድቃ፣ ባለስሙም ከዚያ ቦታ ውጭ እየኖረ፣ ልጁም ያንኑ ስም ይዞ ካገኙት ስሙ ዘር ወራሽ ሆኗል። ያንን ዓመት ያስምሩበት፤ የፍለጋዎ ትልቁ ግኝት እሱ ነው።

ደረጃ 7፦ አሁን ትርጉሙን ይጠይቁ

መጨረሻውን እንየው። «ሮይድ» በሃሊፋክስ አካባቢ ምንጣሮ፣ ማለትም ደን ተመንጥሮ የወጣ መሬት ነው። አክሮይድ የኦክ ዛፍ ምንጣሮ ነው፤ ሆልሮይድና ቡዝሮይድም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ጥንት ድምፁ «ሮድ» ነበር፤ የአካባቢው ሰው «ኦ»ን ወደ «ኦይ» የመጎተት ልማድ ስላለው (የድንጋይ ከሰልን ኮል ሳይሆን «ኮይል» ይላል) ሮይድ ሆነ። ስለዚህ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሰነድ ውስጥ «ሮይድ» ብለው ከፈለጉ ምንም አያገኙም፤ «ሮድ» ብለው ይፈልጉ። መንገድ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋርም አያምታቱት።

ስለ ፊተኛው ክፍል ሁለት አስተያየት አለ። አንዱ «ሙር» የደጋ ጠፍ መሬት፣ «ጌት» ደግሞ በሰሜኑ ንግግር ከኖርዲክ የመጣ መንገድ ስለሆነ «ወደ ደጋው በሚወስደው መንገድ ያለ ምንጣሮ» ይላል። ሌላው የማርጋሬት ምንጣሮ ነው ይላል። መፍረጃው ደረጃ 1 ላይ የጀመሩት ዝርዝር ነው፤ ከሁሉ የቆዩት አጻጻፎች ወደ «ሙር» ያደላሉ ወይስ ወደ «ማርግ» እና «መርግ»? የዛሬውን አጻጻፍ ይዞ የሚተረጉም ሰው ይህን ማስረጃ ጨርሶ አያየውም።

ከአገሩ ስለመውጣቱም መንገዱን ይከተሉ። የሃሊፋክስ ሀብት ሱፍ ነበር። በ1640ዎቹ ጄምስ መርጋትሮይድ የተባለ የሃሊፋክስ የጨርቅ ነጋዴ ኪግሊ አጠገብ ኢስት ሪድልስደን ሆልን ሠራ፤ ቤቱ ዛሬም ቆሞ ይጎበኛል። ስሙ ከዋርሊ ወደ ሰሜን የወጣው የሱፍ ገበያውን ይዞ እንደሆነ ከዚህ ይታያል። ወደ ባሕር ማዶ ለሄዱት ከ1890 እስከ 1960 ያሉትን የመርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝር ይመልከቱ።

ወረቀቱ ሲያልቅ

የቀረው ዲኤንኤ ነው። ዋይ ክሮሞዞም እንደ ስሙ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይወርዳል። በ2000 የዘር ውርስ ተመራማሪው ብራያን ሳይክስ የገዛ ራሱን ስም ከያዙ 48 ወንዶች 21ዱ አንድ ዓይነት የዘር ምልክት እንዳላቸው አሳየ። በ2009 ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ፣ 40 የብሪታንያ ስሞችን መርምረው፣ ስሙ ብርቅ በሆነ መጠን ባለቤቶቹ አንድ አባት የሚጋሩበት ዕድል እንደሚጨምር አገኙ።

ለምርመራ ከመረጡት ቅርንጫፍ ቢያንስ ሁለት ወንዶች ይጠይቁ፤ ሁለቱም የሚገናኙት ከሦስት ትውልድ በላይ ይሁን። ወንድማማቾችን መመርመር ገንዘብ ማባከን ነው። ውጤቱ ካልገጠመ ዘሩ ሐሰት ነው ብለው አይደምድሙ፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ የእናቱን ስም ይይዝ ነበር፣ የእንጀራ ልጅም የእንጀራ አባቱን። እንዲህ ያለው ለውጥ በየትኛው ትውልድ እንደገባ ለማወቅ ሦስተኛ ሰው ከሌላ ቅርንጫፍ ይጨምሩና ሁለቱ የሚገጥሙበትን፣ አንዱ የሚወጣበትን ቦታ በጥምቀት መዝገቡ ላይ ይፈልጉ።