ዳገት ላይ ካቴና ሲዘል

ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር በሳይክል መውጣት ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ 3,000ን ማለፍ ነው። ሜዳ ላይ ድምፁን አጥፍቶ የከረመ የካቴና ችግር እዚህ ይወጣል።

ሲረገጥ ቋ ብሎ ይዘላል፦ ብዙ ሰው ወዲያው የማርሽ ብሎኖችን ማዞር ይጀምራል። እባካችሁ ተዉአቸው! መጀመሪያ ካቴናውን ለኩ። ካቴና «ተሳበ» ሲባል ብረቱ ረዝሞ አይደለም፤ አቧራ ከዘይት ጋር ተላቁጦ በየፒኑ ይገባና እንደ ሞረድ እየበላ ያሰፋዋል። ካቴናውን ወጥሩ፣ የማስመሪያውን ዜሮ አንድ ፒን መሃል ላይ አድርጉ፣ ቀጥሎ ያለውን አንድ ብላችሁ እስከ 24ኛው ቁጠሩ። አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 306 ተኩል ከሆነ ካቴናውን ብቻ ቀይሩ። ወደ 308 ከተጠጋ የኋላው ጥርስም አብሮ አልቋል።

ገንዘብ የሚጨርሰው ስህተት ይሄ ነው፦ አዲስ ካቴና ያለቀ ጥርስ ላይ ይገባና ከአሮጌው ብሶ ይዘላል። ባለሳይክሉ «ካቴናው የማይረባ ነው» ብሎ ሌላ ይገዛል፤ ያም ይዘላል። ጥርሱን ቀረብ ብላችሁ እዩ። ያለቀው በአንድ በኩል ተፈልፍሎ ጫፉ እንደ ማጭድ ይጎብጣል። የሚዘለው ዘወትር በምትነዱበት አንድ ሁለት ማርሽ ላይ ብቻ ከሆነ ጥርጥር የለውም። በሁሉም ማርሽ ከዘለለ የደረቀ መጋጠሚያ ፈልጉ፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ ታች ባለችው ትንሽ ጥርስ ላይ ድንገት ብድግ የሚለው እሱ ነው። ጠብታ ዘይት አድርጉና በሁለት እጅ ግራና ቀኝ እያጠፋችሁ አፍታቱት።

ይንጫጫል፦ በነጭ ጋዝ አጥቡ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ በየመጋጠሚያው አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት አድርጉ። ከ10 ደቂቃ በኋላ የውጪውን ዘይት በጨርቅ ጥረጉ። ይህን አትዝለሉ፤ ውጪ የቀረ ዘይት የበጋውን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። ግራሶ ወደ ውስጥ አይገባም። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት የብረት ብናኝ አለበት፤ በፍጹም አትቀቡ! የክረምት ጭቃ ከነካው የዚያኑ ዕለት አጽዱት።

ወደ ትልቁ የኋላ ጥርስ ለመውጣት ይዘገያል፦ ካቦው (ማርሹን የሚስበው ሽቦ) ላልቷል። ካቦው ከኋላው ማርሽ ቀያሪ ጋ የሚገባበትን ማስተካከያ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ሩብ ዙር አዙሩና ሞክሩ።

ማርሽ ቀያሪው ራጂ (የጎማው ሽቦ) ውስጥ ይገባል፦ የተሰቀለበት ብረት ሳይጣመም አይቀርም፤ ሳይቃና አትንዱት።

ማርሽ የሚቀነሰው ዳገቱ ሳይጀምር፣ እግር ላላ ተደርጎ ነው። ዳገት መሃል በሙሉ ኃይል እየረገጡ መቀየር ካቴና ይበጥሳል። የፊቱን ትልቅ ከኋላው ትልቅ ጋር አጋጥማችሁም አትሂዱ፤ ካቴናው ተወጥሮና ተንጋዶ ቶሎ ያልቃል።