የታሮት ንባብ ሲያስከፍሉ፦ ዋጋ፣ ጥያቄ፣ ምስጢር

በታሮት ንባብ፣ ማለትም ባለ ሥዕል ካርታ ዘርግቶ ለጠያቂ በመተርጎም፣ የሚደርሰው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ካርታው ከመበወዙ በፊት ነው። ዋጋው ሳይቆረጥ፣ ጥያቄው ሳይጣራ የተጀመረ ንባብ፣ አንባቢው 78ቱንም ካርታ በቃሉ ቢያውቃቸው መጨረሻው አያምርም። ስለዚህ ሥራው ከቀጠሮው ይጀምራል።

ቀጠሮ ሲሰጡ በጽሑፍ ይላኩ፦ ንባቡ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ ጠቅላላ ዋጋው፣ ቀጠሮው ቢሰረዝ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ፣ የማይቀበሏቸው ጥያቄዎች፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንደማያነቡ። ዋጋው በደቂቃ ሳይሆን በቁርጥ ይሁን። ደቂቃ የሚቆጥር አንባቢ ሳይታወቀው ነገር ያንዛዛል፤ የጨነቀው ሰው ደግሞ ሰዓት አያይም። አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን «ሚስ ክሊዮ» የተባለች አንባቢን እያስተዋወቁ ለስልክ ንባብ በደቂቃ 4.99 ዶላር ያስከፍሉ የነበሩ ድርጅቶች በ2002 እ.ኤ.አ. ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ሲስማሙ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የደንበኞች ዕዳ ሰርዘዋል። የክሱ ጭብጥ የካርታ ትርጉም አልነበረም፤ «ነጻ ነው» ተብሎ የደወለ ሰው የመጣበት ሂሳብ ነው።

ከተቆረጠው ዋጋ ሌላ ሁለተኛ ዋጋ የለም። «ድግምት ተሠርቶብሻል፣ ለማክሸፊያው ይህን ያህል አምጪ» የሚል ቃል ከአንባቢ አፍ ከወጣ፣ ነገሩ ዘረፋ ነው። ከ78ቱ ውስጥ ድግምት የሚያመለክት ካርታ የለም። ብዙዎች የሚደነግጡበትን 15ኛውን ካርታ፣ ዲያብሎስን፣ በ1909 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በታተመው የሠዓሊዋ የፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የታሮት ሥዕል ላይ ልብ ብለው ይዩት። በታሰሩት ወንድና ሴት አንገት ላይ ያለው ሰንሰለት ሰፊ ነው፤ በራሳቸው እጅ ሊያወልቁት ይችላሉ። ይህን ለጠያቂው በጣትዎ ያሳዩት።

ሕጉንም በሚሠሩበት አገር ይወቁ። በኒው ዮርክ ግዛት በክፍያ ዕድል መናገር ወይም እርግማን አስለቅቃለሁ ማለት እስከ 3 ወር የሚያሳስር ጥፋት ነው፤ ለመዝናኛ ብቻ የሚቀርብ ትርዒት ሲሆን ግን አያስቀጣም። በብሪታንያ የ1951ዱ የአጭበርባሪ መናፍስት ጠሪዎች ሕግ በ2008 እ.ኤ.አ. ተሽሮ ጉዳዩ ወደ ሸማቾች ጥበቃ ሕግ ገብቷል። በሳዑዲ ዓረቢያ ጥንቆላ እስከ ሞት ያስቀጣል። እዚያ ያለች እህት ንባብ ብትጠይቅ የካርታ ፎቶም ሆነ የድምፅ መልእክት ወደ ስልኳ አይላኩ፤ አሠሪዋ ስልኩን ከፈተሸ መዘዙ በእሷ ላይ ነው። እምቢ ማለት ይሻላል።

የ45 ደቂቃ ንባብ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ለጥያቄው ብቻ ይስጡ። ሲኒ ማስነበብ ወይም ኮከብ ማስቆጠር የለመደ ሰው ዝም ብሎ «ንገረኝ» ይላል፤ ታሮት ግን ያለ ጥያቄ አይነበብም። የተለመደውን እንውሰድ፦ «ባሌ ሌላ ሴት ይዟል ወይ?» «አዎ» ካሉ በካርታ ቤት አፈረሱ፤ «የለም» ካሉ ዐይኗን ሸፈኑባት። ባልየው ደግሞ እዚያ የለም፣ ስለ ራሱ መልስ መስጠት አይችልም። ጥያቄውን ወደ ጠያቂዋ ይመልሱት፦ «ይህን ጥርጣሬ እስካሁን ያልነገርኩት ለምንድን ነው? ስነግረውስ ምን ላስቀድም?» ካልተስማማች ካርታውን ሳይበውዙ ገንዘቧን ይመልሱ። ሕመም፣ እርግዝና፣ የፍርድ ቤት ውጤት፣ የሞት ቀን ፈጽሞ አይነበቡም፤ ወደ ሐኪም ወይም ወደ ጠበቃ ይላካሉ። ለአዲስ ጠያቂ 3 ካርታ ይበቃል። የኬልቲክ መስቀል የሚባለውን ባለ 10 ካርታ አዘረጋግ ከዘረጉለት ከዚያ ሁሉ መሃል መስማት የሚፈልገውን ብቻ መርጦ ይሄዳል።

13ኛው ካርታ፣ ሞት፣ ሲወጣ ፊትዎ አይለወጥ፣ ቶሎ ብለውም «ጥሩ ነው» አይበሉ። ያስተባበሉ መስሎ የበለጠ ያስደነግጣል። ሥዕሉን አብረው ያንብቡ፦ ነጭ ፈረስ ላይ የተቀመጠው አጽም፣ የወደቀው ንጉሥ፣ ከኋላ በሁለቱ ግንቦች መሃል የምትታየው ፀሐይ። ከዚያ «በሕይወትህ እያለቀ ያለ ነገር የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። መልሱ ከእሱ ይምጣ።

ካርታው የግብፅ ካህናት ምስጢር ነው እያሉ አይሽጡ። ታሮት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን ጣሊያን ለጨዋታ የተሠራ ነው፤ የግብፁን ወሬ ያስነሳው በ1781 እ.ኤ.አ. ኩር ደ ዤብላን የተባለ ፈረንሳዊ ጸሐፊ ነው። ከቀጠሮው በፊት የጠያቂውን ፌስቡክ መበርበርም ያው ማጭበርበር ነው። ሃይማኖቴ ይከለክለኛል ብሎ የሚያመነታ ሰው ከመጣ አይከራከሩት፣ አያባብሉት፤ ገንዘቡን መልሰው ይሸኙት።

አንድን ጥያቄ ከ3 ወር በታች ደግመው አያንብቡ። በየሳምንቱ የሚመለስ ሰው የሚፈልገው ማረጋጊያ ነው፤ መቀበሉ ገቢ ቢያስገኝም ሰውየውን ያደክመዋል። ጠያቂው ራሱን ስለማጥፋት ካነሳ ካርታውን ይሰብስቡ። አሜሪካ ከሆነ 988፣ ብሪታንያ ከሆነ 116 123 አብረውት ይደውሉ፤ የዚያን ዕለት ክፍያ አይቀበሉ።

ምስጢር ላይ ከሁሉም በላይ ይጠንቀቁ። ማስታወሻ ሲይዙ ስም አይጻፉ፤ ቀን፣ ጥያቄውና የወጡት ካርታዎች ይበቃሉ። ድምፅ የሚቀዳው ጠያቂው ሲፈቅድ ብቻ ነው። በስደት ያለ ሐበሻ ደግሞ ሁሉም ሁሉን ያውቃል፦ «አንዲት ነርስ፣ ባሏ ታክሲ የሚነዳ» ብለው ለምሳሌ ቢያወሩ ስሟን የጠሩ ያህል ነው። የእሷን ጉዳይ ለሌላ ሰው ማስተማሪያ አድርገው አያንሱት፤ ብትፈቅድም እንኳ።