የኢንዶስኮፕ ቱቦ መድረቁን በመስታወት ማየት

ኢንዶስኮፑ፣ ማለትም የታካሚን ሆድ ከውስጥ ለማየት የሚገባው ካሜራ ያለው ተጣጣፊ መሣሪያ፣ ታጥቦ በኬሚካል ከጸዳ በኋላ ከውጭ ደረቅ ይመስላል። ቀጭኑ የውስጥ ቱቦ ግን ብዙ ጊዜ ውሃ እንደያዘ ይቀራል። ቀላል መላ አለ። የማድረቂያውን አየር እየነፋችሁ ጫፉን ወደ ንጹህና ደረቅ መስታወት አቅርቡት፤ እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ። መስታወቱ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የደቀቁ ጠብታዎች ካያችሁ ገና ነው፣ ቀጥሉ። ቢያንስ 10 ደቂቃ መንፋት ይመከራል፤ እኔም ከዚያ ባነሰ አላምንም። ሱዶሞናስን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች በዚያች ትንሽ እርጥበት ውስጥ አድረው ይራባሉ። ተጣብቀው ባዮፊልም፣ ማለትም የሚያዳልጥ የባክቴሪያ ሽፋን፣ ከሠሩ ደግሞ ማስለቀቁ አበሳ ነው። ነገ ሌላ ታካሚ ሆድ ውስጥ የሚገባው ይኸው ቱቦ ነው!

አየሩ የተጣራ፣ ግፊቱም አምራቹ ከፈቀደው ያልበለጠ ይሁን። መስታወቱ የሚነግራችሁ ድርቀቱን ብቻ ነው፤ በብሩሽ በደንብ ያልተፈተገ ቱቦ ቢደርቅም አልጸዳም።