ሲሊማሪን ከመግዛትዎ በፊት

ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት ፋርማሲዎች ወደ አንዱ ገብተው «ለጉበት የሚሆን ነገር» ቢሉ ሲሊማሪን ሊቀርብልዎት ይችላል። ቫይታሚን አይደለም፤ ከአንድ እሾሃም ተክል ፍሬ የሚወጣ ውህድ ነው። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ግን ጉበትዎን የጎዳው ምን እንደሆነ ይወቁ።

ዓይን ቢጫ ሆነ ተብሎ ኪኒን አይጀመርም። መጀመሪያ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ፣ ኤስጂፒቲ (የጉበት ጉዳትን የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ ቢሊሩቢን (ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ነገር በደም ውስጥ ያለው መጠን) እና አልትራሳውንድ ይታዘዝልዎት። ሄፓታይተስ ሲ በሶፎስቡቪርና ዳክላታስቪር አብዛኛውን ጊዜ በ12 ሳምንት ይድናል፤ ለቢ ደግሞ ሐኪሙ ካመነበት ቴኖፎቪር አለ። ሲሊማሪን ሁለቱንም ቫይረሶች አያጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት 154 የሄፓታይተስ ሲ ሕሙማን ለ24 ሳምንት ተከታትለው፣ በቀን ሦስት ጊዜ 700 ሚሊግራም የወሰዱት እንኳ ኤስጂፒቲያቸው ማስመሰያ ኪኒን ከወሰዱት የተሻለ አልወረደም።

ሻጮች የሚጠቅሱት እ.ኤ.አ. የ1989ኙን የኦስትሪያ ጥናት ነው። ሲሮሲስ (ጉበት ጠባሳ ይዞ መጠንከር) ካለባቸው 170 ሰዎች መካከል ሲሊማሪን ከወሰዱት 58 በመቶ፣ ካልወሰዱት 39 በመቶ አራት ዓመት በሕይወት ቆይተዋል። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው መጠጥ ጉበታቸውን በጎዳው ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ስፔን ውስጥ እንዲህ ዓይነት 200 ሕሙማን ላይ ሲሞከር ግን በሕይወት በመቆየት ልዩነት አልተገኘም። አንዱን ብቻ ለታማሚ መንገር ተገቢ አይደለም።

ተስፋ ያለው በስብ ጉበት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ማሌዥያ ውስጥ 99 ሰዎች ለ48 ሳምንት ተከታትለው፣ የጥናቱ ዋና ግብ ባይሳካም ሲሊማሪን ከወሰዱት በ22.4 በመቶው ላይ የጉበት ጠባሳ ቀነሰ፤ ማስመሰያ ከወሰዱት በ6 በመቶው ላይ ብቻ። ጥናቱ ትንሽ ነው። ክብደትን ከ7 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ አለው።

ከሐኪም ጋር ተመካክረው ለመውሰድ ከወሰኑ በማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። «175 ሚሊግራም፣ 80 በመቶ ሲሊማሪን» ካለ የሚያገኙት 140 ሚሊግራም ነው፤ የተለመደው መጠን ይህ በቀን ሦስት ጊዜ ነው። መቶኛው ካልተጻፈ አይግዙት። ውህዱ በውኃ በደንብ ስለማይሟሟ የተክሉ ሻይ አይተካውም፤ ሌላ እሾሃም ተክል የሆነውን ኮሸሽላ ቀቅሎ መጠጣትማ ጨርሶ። ሲሊማሪን ሆድ ሊያላላ ይችላል። የስኳር መድኃኒት ወይም ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ) የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። ከሦስት ወር በኋላ ኤስጂፒቲውን በዚያው ላብራቶሪ ያስደግሙ።

ሆድ ከተነፋ፣ ደም ካስመለሰ ወይም ሰውየው ከተምታታበት ፋርማሲ አይሂዱ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።