የእስክሪብቶ እንጨቴ ጫፍ እንዴት ቀና

ከእንጨት ከምሠራቸው ሦስት እስክሪብቶ ተበላሸብኝ። ቶርኖ (እንጨቱን እያሽከረከረ የሚያስቀርጸው ማሽን) ላይ እያሉ ያምራሉ። የብረት ቀለበቱን ስገጥም ግን በአንድ በኩል ጥፍር የምታስገባ ክፍተት ትቀራለች። አንዱማ ሲጠብቅ ጠርዙ ላይ ተሰነጠቀ።

ጥፋቱ የእንጨቱ ጫፍ ነበር። ጫፉ፣ እንጨቱ ውስጥ ከተጣበቀው የነሐስ ቱቦ ጋር ልክ 90 ዲግሪ መሥራት አለበት። እኔ ደግሞ ስኳድራውን የማሳርፈው የእንጨቱ ጎን ላይ ነው። መሰርሰሪያ እንጨት ውስጥ ትንሽ ወደ ጎን መሄዱ አይቀርም፤ ስለዚህ ጎኑን ማመን ከንቱ ነው።

ጫፉን የሚያቀና መሣሪያ ራሴ ሠራሁ። ክብ ኮምፔርሳቶ ቶርኖው ላይ አስሬ፣ ፊቱን እዚያው አስተካክዬ፣ 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ለጠፍኩበት። ከፊት ለፊቱ፣ በቶርኖው ጅራት በኩል ባለው መያዣ፣ ቀጥ ያለ 6 ሚሊ ሜትር የብረት ዘንግ አሰርኩ። ቱቦው ውስጥ ስለሚላወስ ስኮች ጠቀለልኩበት። እንጨቱን ዘንጉ ላይ አጥልቆ ቀስ እያሉ ወደ ወረቀቱ መግፋት ነው። የዘንጉ ጫፍ ብቻ ወረቀቱን እንዳይነካ።

የመጀመሪያው ሙከራ ግን አሁንም ጠማማ! ተናደድኩ። ለካ ቱቦው ውስጥ የደረቀች የማጣበቂያ ጠብታ ዘንጉን ገፍታዋለች። በቀጭን ክብ ሞረድ ጠረግኳት።

አሁን ጫፉን በማርከር አጠቁራለሁ። ጥቁሩ ዙሪያውን ጠፍቶ የነሐሱ ቀለበት ብልጭ ሲል አቆማለሁ። ከዚያ ካለፈ ቱቦው ያጥርና የቀለም ቀፎው መጻፊያ ጫፍ ተመልሶ ወደ ውስጥ አልገባም ይላል።

አራተኛው ላይ ጥፍሬን መገጣጠሚያው ላይ አዞርኩ። የሚይዛት ነገር አጣች።